ሩሲያኛን ከአስተናጋጅ ቤተሰብ ጋር ኖሮ መማር፤ አሠራሩና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ሩሲያኛ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 6 ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቋንቋውን በአገሩ ከሚማሩ የውጭ ዜጎች ከፊሎቹ በተማሪዎች ማደሪያ ሲኖሩ፣ ከፊሎቹ ደግሞ በትምህርት ተቋሙ ወይም በአገናኝ ድርጅት አማካይነት ከአንድ ቤተሰብ ጋር ተስማምተው በቤቱ እየኖሩ ይማራሉ። ቤተሰቡ በስምምነቱ መሠረት መኝታ ክፍልና ምግብ ያቀርባል፤ ተማሪውም ክፍያ ይፈጽማል።

በሶቪየት ኅብረት ዘመን ለትምህርት የተላኩ ኢትዮጵያውያን በአመዛኙ የኖሩት በተማሪዎች ማደሪያ ሲሆን፣ ቋንቋውን የተማሩትም በመሰናዶ ፋኩልቲ ነበር። እ.ኤ.አ በ1960 የተመሠረተው የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲና በ1966 የተቋቋመው የፑሽኪን ኢንስቲትዩት፣ ሁለቱም በሞስኮ የሚገኙ፣ ሩሲያኛን ለውጭ ዜጎች በማስተማር የታወቁ ናቸው።

የቤት ኑሮ ጥቅምና ወሰን

ለውጭ ዜጎች የሚሰጠው የሩሲያኛ ፈተና 6 ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ የሚመዝነውም ቃላትና ሰዋስው፣ ንባብ፣ ማዳመጥ፣ ጽሕፈትና ንግግርን ነው። ከቤተሰብ ጋር መኖር በተለይ ለማዳመጥና ለንግግር ይረዳል። የቋንቋውን 6 የስም ሙያዎችና የግሱን ሁለት ገጽታዎች ግን በሥርዓት ለመማር ክፍል ገብቶ መማር የግድ ነው።

ሩሲያኛ እንደ አማርኛ ሁሉ “አንተ” እና “እርስዎ”ን ይለያል። በዕድሜ የገፉ ሰው በስማቸውና በአባታቸው ስም ይጠራሉ፤ አባታቸው ኢቫን የሚባሉ አና የተሰኙ እመቤት “አና ኢቫኖቭና” ይባላሉ። የቤተሰብ መጠሪያ ከእነዚህ የተለየ ሦስተኛ ስም ነው። ቤተኞች እርስ በርሳቸው አሌክሳንደርን ሳሻ፣ ኤካቴሪናን ካትያ ማለታቸው የተለመደ በመሆኑ፣ እንግዳ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

የቤቱ ሥርዓት

ጫማ በበር ላይ ይወልቃል፤ ለእንግዳም የቤት ነጠላ ጫማ ይቀርባል። ደፍ ላይ ቆሞ እጅ መጨባበጥ እንደ መጥፎ ገድ ይቆጠራል። አበባ የሚሰጠው በጎዶሎ ቁጥር ሲሆን፣ ሙሉ ቁጥር ለሐዘን ነው። በብዙ ከተሞች የቤት ማሞቂያና ሙቅ ውኃ ከማዕከል የሚመጣ በመሆኑ፣ በበጋ ወራት ለጥገና ሲባል ሙቅ ውኃ ለቀናት ሊቋረጥ ይችላል። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ገናን ጃንዋሪ 7 ቀን የምታከብር ከመሆኗም በላይ፣ የፋሲካዋ ቀን ከኢትዮጵያ ፋሲካ ጋር ስለሚገጥም፣ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በእነዚህ በዓላት ብዙ እንግድነት አይሰማውም።

ሕግና ጥንቃቄ

እ.ኤ.አ በ2006 በወጣው የሩሲያ ሕግ መሠረት የውጭ ዜጋ ያረፈበትን አድራሻ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ኃላፊነት የተቀባዩ ወገን ነው። ይህ በተወሰኑ የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተፈጸመ ተማሪው በፖሊስ ሲጠየቅ ሕጋዊ ቆይታውን ለማረጋገጥ ይቸገራል፤ ለቅጣትም ሊዳረግ ይችላል። በመሆኑም ቤተሰቡ ምዝገባውን ለማከናወን ፈቃደኛ መሆኑ ከጉዞ በፊት በጽሑፍ መረጋገጥ ይኖርበታል። ስምምነቱ የምግቡን ዓይነትና ጊዜ፣ የክፍያውን መጠን እንዲሁም አለመስማማት ቢፈጠር ቤት የሚቀየርበትን መንገድ መያዝ አለበት።

በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ ቪዛና ማስተርካርድ እ.ኤ.አ በማርች 2022 በሩሲያ አገልግሎታቸውን ስላቋረጡ፣ ከውጭ የወጡ ካርዶቻቸው በዚያ አይሠሩም። ስለዚህ የገንዘብ አያያዝ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። በርካታ የምዕራባውያን ተቋማትም ከዚያው ዓመት ጀምሮ ተማሪዎቻቸውን ሩሲያኛ በስፋት ወደሚነገርባቸው እንደ አልማቲና ቢሽኬክ ወዳሉ ከተሞች አዙረዋል።

ሠራተኛን ለሥልጠና የሚልክ መሥሪያ ቤትም የጋባዡን ተቋም ሕጋዊነት፣ የቤቱን አድራሻና የወቅቱን የጸጥታ ሁኔታ ማጣራት ይጠበቅበታል። ተጓዡ በበኩሉ ሞስኮ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ አድራሻ መያዝና የመኖሪያ አድራሻውን ለኤምባሲው ማሳወቅ ይኖርበታል።