ቁንጫን ከቤትና ከቤት እንስሳት ለማጥፋት፦ ከመርጨት በፊት መታወቅ ያለበት

ቁንጫ ውሻ፣ ድመት፣ ዶሮ፣ ጥጃ ወይም ግልገል በሚኖርበት ቤት ሁሉ፣ በገጠርም ሆነ በከተማ፣ ሊራባ የሚችል ደም መጣጭ ተባይ ነው። እንቅልፍ ይነሣል፣ የሕፃናትን ቆዳ ያቆስላል፣ ከዚያም አልፎ በሽታ ያስተላልፋል። ቁንጫ ሲበዛባቸው ብዙዎች ለሰብል የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ገዝተው በመኝታ ቤታቸው ይረጫሉ። ለጥቂት ቀናት እፎይ ይላሉ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቁንጫው ይመለሳል። በዚህ ጊዜ የመድኃኒቱን መጠን መጨመር ይከተላል። ውጤቱም ቁንጫው ሳይጠፋ ቤተሰቡ ለመርዝ መጋለጡ ነው።

ቁንጫው የሚመለሰው መድኃኒቱ ስላነሰ ላይሆን ይችላል። ዋናው ምክንያት የተባዩ አብዛኛው ክፍል በእንስሳው ላይ ሳይሆን በወለሉና በመኝታው ውስጥ ተደብቆ መኖሩ ነው። ስለዚህ እንስሳውንና ቤቱን በአንድ ጊዜ፣ ለሳምንታት ሳያቋርጡ ማጽዳት ያስፈልጋል።

የሚታየው ቁንጫ ጥቂቱ ነው

ቁንጫ አራት የዕድገት ደረጃዎች አሉት፤ እንቁላል፣ እጭ፣ ድር ለብሶ የሚቆይበት ደረጃ (ባለሙያዎች ፑፓ ይሉታል) እና ሙሉ ቁንጫ። በተወረረ ቤት ካለው ተባይ ውስጥ ሲዘል የሚታየው ሙሉ ቁንጫ ከ100 እጅ 5 እጅ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። ግማሽ ያህሉ እንቁላል፣ ከሲሶ በላይ የሚሆነው እጭ፣ የተቀረው ደግሞ በድር የተሸፈነው ነው።

በውሻና በድመት ላይ አብዝቶ የሚገኘው የድመት ቁንጫ የሚባለው ዝርያ ነው። እንስቷ ደም ከመጠጠች በኋላ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ከፀጉር ጋር ስለማይጣበቅ እንስሳው በሚተኛበትና በሚመላለስበት ሁሉ ይረግፋል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ብርሃን ይሸሻል፤ በወለል ስንጥቅ፣ በምንጣፍ ሥር፣ በመደብ ጥግና በጉዝጓዝ ውስጥ ይደበቃል። ምግቡም ሙሉ ቁንጫዎች የሚጥሉት የደረቀ ደም ያለበት ኩስና ሌላ ብናኝ ነው። እጩ እርጥበት ይወዳል፤ በደረቅና ፀሐይ በሚመታው ቦታ አይቆይም። ክረምቱና ክረምቱን ተከትሎ ያለው ጊዜ የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ከሁሉም አስቸጋሪው በድር የተሸፈነው ደረጃ ነው። ድሩ አቧራና አሸዋ ስለሚይዝ በዓይን አይለይም፤ አብዛኛው ፀረ ተባይም በቀላሉ አይደርስበትም። በውስጡ ያለው ቁንጫ ለወራት ሊቆይ ይችላል። የእግር ኮቴ ንዝረት፣ የሰውነት ሙቀት ወይም ትንፋሽ ሲሰማው ግን ወዲያውኑ ወጥቶ ይዘላል። ለወራት ተዘግቶ የቆየ ቤት ሲከፈት ቁንጫው በአንድ ጊዜ እግር ላይ የሚረባረበው በዚህ ምክንያት ነው። ከመርጨት በኋላ ባሉት ሳምንታት አዲስ ቁንጫ የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ድር እየወጣ ነው።

መኖሩን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

የቁንጫ ንክሻ ብዙውን ጊዜ በቁርጭምጭሚትና በባት ላይ ተጠጋግቶ ይታያል። ትኋን ግን አይዘልም፤ በሌሊት ከአልጋና ከግድግዳ ስንጥቅ እየወጣ ገላጣ የሆነውን የሰውነት ክፍል ይነክሳል። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ መፍትሔያቸው የተለያየ ነውና።

በእንስሳው ላይ ለማረጋገጥ የወገቡንና የጅራቱን ሥር ፀጉር በቅማል ማበጠሪያ ማበጠር ይቻላል። የሚራገፈውን ጥቁር ብናኝ በውኃ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ላይ ማድረግ፤ ዙሪያው ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው። አፈር ከሆነ አይቀላም።

ለቤቱ ደግሞ ማታ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ጥቂት ሳሙና የተቀላቀለበት ውኃ አድርጎ ወለል ላይ ማስቀመጥና ከበላዩ የባትሪ ወይም የሶላር መብራት ማብራት ነው። ቁንጫው ወደ ብርሃኑ ሲዘል ውኃው ውስጥ ይሰጥማል። ይህ ዘዴ ብቻውን ቁንጫን አያጠፋም፤ መብዛቱንና መቀነሱን ለመከታተል ግን ይረዳል። ሻማና ኩራዝ ለእሳት አደጋ ስለሚዳርጉ ለዚህ አገልግሎት መዋል የለባቸውም።

የሚያስከትለው ጉዳት

ንክሻው ሲታከክ ይቆስላል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፈው የተስቦ ዓይነት ወደ ሰው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የቁንጫው ኩስ በንክሻው ወይም በታከከው ቆዳ በኩል ሲገባ ነው። የውሻና የድመት ኮሶ ትል አንዱ ዓይነትም በቁንጫ ይተላለፋል፤ እንስሳው ሲልስ፣ ሕፃን ደግሞ ከእንስሳው ጋር ሲጫወት ቁንጫውን ሳያውቅ ሲውጥ ትሉ ይይዘዋል። ቡችላ፣ የድመት ግልገል፣ ጥጃና የፍየል ግልገል ቁንጫ ሲበዛባቸው ደማቸው አንሶ ድዳቸው ሊነጣ፣ ሊዳከሙና ሊሞቱም ይችላሉ። በቁንጫ በተወረረ ቤት የሚኖር ሰው ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የቆዳ ሽፍታ ከታየበት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የቁንጫውን ነገር ለባለሙያው መንገር አለበት።

እንስሳቱን ማከም

በቤቱ ያሉትን እንስሳት ሁሉ በአንድ ቀን ማከም ይገባል። ውሻው ታክሞ ድመቷ ከቀረች ድካሙ ከንቱ ነው። ውሻን በሳሙናና በለብታ ውኃ ማጠብ በላዩ ያለውን ብዙ ቁንጫ ያስወግዳል። እጥበቱ ከአንገት ቢጀመር ቁንጫው ወደ ፊትና ወደ ጆሮ እንዳይሸሽ ይረዳል። ለቡችሎችና መታጠብ ለማይወዱ ድመቶች በየቀኑ በማበጠሪያ አበጥሮ የተያዘውን ቁንጫ በሳሙና ውኃ ውስጥ መክተት ይሻላል።

ረዘም ላለ ጊዜ የሚከላከል መድኃኒት የሚመረጠው በእንስሳት ሐኪም ምክር፣ በእንስሳው ዓይነት፣ ዕድሜና ክብደት ነው። ለውሻ የተዘጋጀ፣ ፐርሜትሪን የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት መድኃኒት ድመትን ሊገድል ይችላል። ለከብት የሚረጭ መድኃኒትም በግምት በውሻና በድመት ላይ አይደረግም። ላም ወይም ፍየል ከታከመች በኋላ ወተቷ ለምን ያህል ቀን እንደማይጠጣ ባለሙያውን መጠየቅ፣ የተባለውንም መጠበቅ ያስፈልጋል።

ቁንጫ አመጣች ተብላ ድመትን ማባረር መፍትሔ አይሆንም። አይጥ ይበዛል፤ አይጥም የራሱን ቁንጫ ይዞ ይመጣል። አይጥን በመርዝ ለማጥፋት የሚያስብ ሰውም በቅድሚያ ወይም በአንድነት ቁንጫውን መቆጣጠር አለበት፤ አይጡ ሲሞት ቁንጫው ሌላ ደም ፍለጋ ወደ ሰውና ወደ ቤት እንስሳት ይዞራልና።

ቤቱን ማጽዳት

የመጀመሪያው ሥራ የመኝታ ዕቃዎችን ሁሉ ማውጣት ነው። አንሶላ፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስና እንስሳው የሚተኛበት ጨርቅ ሙቀቱን የሚችሉ ከሆነ በፈላ ውኃ ይታጠባሉ። ፍራሽ፣ አጎዛ፣ ጀንዲና ሰሌን በደንብ ተራግፈው ሙሉ ቀን እየተገላበጡ በጠራራ ፀሐይ ይሰጣሉ። አሮጌ ጉዝጓዝና የሣር ፍራሽ ሙሉ በሙሉ ተወግዶ በአዲስና በደረቅ ይተካል።

ቀጥሎ ወለሉ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከአልጋ ሥርና ከመደብ ጎን ሳይቀር ይጠረጋል። ጥራጊው ጓሮ ላይ ከተደፋ እንቁላሉና እጩ በዚያው ይፈለፈላል፤ ስለዚህ ከቤትና ከሣር ክምር ርቆ መቃጠል ወይም በጥልቀት መቀበር አለበት። ምንጣፍ ያለው የከተማ ነዋሪ በአቧራ መምጠጫ ማሽን ቢጠቀም ንዝረቱ ጭምር ቁንጫውን ከድሩ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ከረጢቱን ግን ወዲያው ማስወገድ ይገባል።

የጭቃ ቤት ወለልና መደብ ስንጥቁ ተደፍኖ እንደገና ሲለቀለቅ የእጩ መደበቂያ ይቀንሳል። ከተለቀለቀ በኋላ በሩና መስኮቱ ተከፍቶ በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ለእጩ ይመቻል። አቅም ላለው ሰው ሊሾ ዘላቂ መፍትሔ ነው። ጥጃ፣ ፍየልና ዶሮ ከሰው መኝታ ተለይተው የሚያድሩበት ቦታ ማዘጋጀትም እንደዚሁ። ጥንጁት የመሰሉ ዕፅዋትን ማጨስ ሙሉ ቁንጫውን ለጊዜው ሊያርቅ ይችላል፤ በድር የተሸፈነውን ግን አያጠፋም።

ፀረ ተባይን በተመለከተ

ለሰብል የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ አይረጭም፤ በሰው ገላ፣ በአንሶላና በልብስ ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ማላታዮንና ዲያዚኖን የነርቭ ሥርዓትን የሚያውኩ ኬሚካሎች ናቸው፤ በትንፋሽም በቆዳም ይገባሉ። ይበልጥ የሚጎዱትም ወለል ላይ የሚድሁ ሕፃናት ናቸው። ዲዲቲ በስቶክሆልም ስምምነት መሠረት እንደ ወባ ትንኝ ያሉ በሽታ አስተላላፊዎችን ለመቆጣጠር ብቻ የተፈቀደ በመሆኑ በግል ለቤት የሚገዛ መድኃኒት አይደለም። ነጭ ጋዝና ቤንዚን ወለል ላይ መርጨትም ቤትን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው።

ማጽዳቱ ብቻውን ካልበቃ በቤት ውስጥ ለቁንጫ እንዲውል የተፈቀደ፣ ጽሑፉ በግልጽ የሚነበብ መድኃኒት ይመረጣል። ከመረጨቱ በፊት ምግብ፣ የሊጥ ዕቃ፣ የውኃ እንስራና እንስሳት ይወጣሉ፤ ተረጭቶ እስኪደርቅና አየሩ እስኪናፈስ ማንም አይገባም። ባዶ ዕቃው ለዘይትም ሆነ ለውኃ አይውልም። ከተረጨ በኋላ ብዙ ምራቅና ላብ፣ ማስመለስ፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የትንፋሽ ማጠር የታየበትን ሰው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ልብሱን ለውጦ ገላውን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል። እንዲያስመልሰው ማስገደድ አይገባም።

ሙጃሌ የተለየ ነው

ሙጃሌም የቁንጫ ዘር ነው፤ እንስቷ ግን በእግር ቆዳ ውስጥ ገብታ ትኖራለች። ባልጸዳ መርፌ ወይም እሾህ መፈልፈል ቁስሉን ያመረቅዛል፣ ለመንጋጋ ቆልፍም ሊያጋልጥ ይችላል። ጫማ ማድረግ፣ እግርን በየቀኑ መታጠብና የቤቱን ወለል በንጽሕና መያዝ ይከላከላል፤ የተያዘ ሰው ግን በጤና ባለሙያ መታከም አለበት።

ለምን ያህል ጊዜ?

የመጀመሪያው ቀን ትልቁ የጽዳት ቀን ነው፤ እንስሳቱ ይታከማሉ፣ መኝታው ይታጠባል፣ ወለሉ ይጸዳል። ከዚያ በኋላ ወለሉን በየቀኑ ወይም ቢያንስ በየሁለት ቀኑ መጥረግ፣ መኝታውን በየሳምንቱ ማጠብና ፀሐይ ማስመታት፣ የእንስሳቱን መድኃኒት ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ቁንጫ ቢታይ ሥራው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ በድር ተሸፍኖ የቆየው እየወጣ ነው። የሚወጣው ቁንጫ የታከመ እንስሳና የጸዳ ወለል ካጋጠመው ሌላ ትውልድ ሳይተካ ይሞታል። ይህን ለስድስት ሳምንታት፣ በጣም በተወረረ ቤት ደግሞ እስከ ሦስት ወር ያህል ሳያቋርጡ መቀጠል ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ እንስሳው ማከክ በጀመረ ዕለት መጀመር ግን ድካሙንም ወጪውንም ያቀልላል።