የዜማ ቤት ከዓባይ ማዶ

ጢስ ዓባይን ሊያይ የሚሄድ ጎብኚ በአላታ ድልድይ ላይ ቆም ብሎ ፎቶ ይነሣል። ድልድዩ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ. በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረው መንገድ የሚያልፍበት በመሆኑ ነጋዴውም ወታደሩም ተመላልሶበታል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ መምህር ፍለጋ የሚሻገረው የቆሎ ተማሪም እንዲሁ።

ልጁ ዓባይን መሻገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። የጎጃም ስም የተጠራው በቅኔ ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ከወዲያ ማዶ ሳይቀር ተማሪ ይስቡ ነበር። የዜማ መምህርም በየደብሩ አይጠፋም። ሆኖም የቡሬ ወይም የዳሞት ልጅ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ዘልቆ «አስመሰከረ» ለመባል ጋይንት ቤተልሔም መውረድ ነበረበት። ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትን ዜማዎች የሚፈልግ ዙር አምባ፣ ከከበሮና ከመቋሚያ ጋር የሚዜመውን አቋቋም የሚፈልግ ጎንደር ይዘልቃል። የጎንደሩ ልጅ በበኩሉ ለቅኔ ወደ ጎጃም ይመጣል።

የዜማ ቤት ሲባል ስሙ እንጂ ቤቱ የየኔታ መኖሪያ ነው። ተማሪው በዙሪያው የሣር ጎጆ ይቀልሳል፣ ጉባኤው በደጃፍ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይዘረጋል። ክፍያ የለም። ልጁ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በክረምት የመምህሩን ማሳ ያርማል። ለሆዱ ደግሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየመንደሩ ዞሮ ቁራሽ ይለምናል። ከውሻው ጋር ያለው ጦርነት ግን ከትምህርቱ አይቀልም! አባት ልጁን ለሞፈር ስለሚፈልገው ብዙው ተማሪ ከቤቱ የወጣው ጠፍቶ ነው፤ እናት ደግሞ አእምሮ ይከፍታል የሚባለውን ዕፅ፣ አብሾን፣ ያጠጡብኛል ብላ ትሰጋለች። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ናቸውና በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዋናውን ገጸ ባሕርይ የበዛብህን የተማሪነት ሕይወት ሲጽፉ የሚያውቁትን ነው የጻፉት።

ይህ ሁሉ መከራ ለምን? መልሱ ከዜማው አጻጻፍ ላይ አለ። በትውፊቱ ዜማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የደረሰው በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። ምልክቱን ያበጁት ግን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል፤ ዘመኑም የአፄ ገላውዴዎስ (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚቆረጥና የት እንደሚርገበገብ ያመለክታሉ። ከእነዚህ ሌላ ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚጻፉ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊደላት አሉ። አንዲቱ ፊደል ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ካጠናው ድርሰት የተቆነጠረች ናት፤ ዓይኑ ሲያርፍባት የዚያ ቦታ ዜማ በሙሉ ትዝ ሊለው ይገባል። ትዝ ካላለው ብራናው ዲዳ ነው። የፈረንጁ ኖታ ዘፈኑን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ድምፁን ሊነግር ይችላል፤ የያሬድ ዜማ ምልክት ግን የሚያስታውሰው የሰማን ብቻ ነው።

ስለዚህ የመምህሩ አፍ መጽሐፍ ነበር። ቀን ቀን ተማሪው ድጓውን ዘርግቶ ይቀጽላል፣ የኔታም ሌላ ነገር የሚሠሩ መስለው ስሕተቱን ከሩቅ ያርማሉ። ማታ መብራት በሌለበት የቃል ትምህርት ይቀጥላል። ድጓን መዝለቅ ዓመታት ይፈጃል፤ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ የራስን መጽሐፍ መጻፍም የትምህርቱ አካል ነበር።

ቤት ለቤት የሚሄድ ትምህርት አንድ ወጥ አይሆንም። በቀልዳቸው የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሐና ከጣና ማዕበል አይተው አዲስ የዝማሜ፣ ማለትም መቋሚያ ይዞ ከዜማው ጋር የመወዛወዝ፣ ስልት አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም ሲሉ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ስልቱም «ተክሌ» ተብሎ በልጁ ስም ቀረ። አባትየው የሚታወሱት በቀልዱ መሆኑ ትንሽ ያሳዝናል።

ከቤተ ክህነት ውጭም ሙያው የሚተላለፈው ያው ከመምህር ወደ ተማሪ ነው። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በገናን ያወቁት በአሥራ ሁለት ዓመታቸው፣ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እንጦጦ ሰፈራቸው መጥተው ጎረቤት ስለሆኑ ነው። በያሬድ ስም የተጠራው የአዲስ አበባው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማረው በእኚሁ የጎረቤት ተማሪ ነበር።

የየኔታን ቤት ያቆመው ግን ከሁሉ በላይ መሬት ነበር፤ መምህሩና ደብተራው ለአገልግሎታቸው ከደብሩ መሬት ይታረስላቸው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ያ መተዳደሪያ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጉባኤው የቆየው በምእመኑ መዋጮና በገበሬዋ ቁራሽ ነው። ዛሬ ዜማው በስልክ ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የድጓ ማስመስከሪያው ግን አሁንም ቤተልሔም ነው።