የዓለም አቀፍ የወጣቶች ካምፕ ፈቃደኛ መሪ

የዓለም አቀፍ የወጣቶች ካምፕ ፈቃደኛ መሪ የሚባለው፣ ደመወዝ ሳይቈረጥለት ከአንድ አገር የተላኩ ሕፃናትን ወይም ጐረምሶችን ከወላጆቻቸው እጅ ተረክቦ ባሕር የሚሻገርና፣ ልጆቹ ከሌሎች ሕዝቦች ከመጡ እኩዮቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ እየበሉ፣ በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ በሚሰነብቱበት ጊዜ ሁሉ ስለ ጤናቸውም ስለ ጠባያቸውም ተጠያቂ የሚሆን ጎልማሳ ሰው ነው። ሹመቱ ጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚቈይ፣ ማዕርግም ጥሪትም የማያስገኝ ሲሆን፣ የሚጠይቀው ትጋት ግን ከብዙ ቋሚ ሹመቶች ይበልጣል። ይህን አገልግሎት የሚጠቀሙ ማኅበራት ብዙዎች ናቸው፤ ከሁሉም ይልቅ የአገልግሎቱ ባሕርይ ጎልቶ የሚታየው ሲ.አይ.ኤስ.ቪ. በሚል አጭር ስም በሚታወቀው፣ በመጀመሪያ ስሙ «ዓለም አቀፍ የልጆች የበጋ መንደሮች» በተባለው ማኅበር ዘንድ ስለ ሆነ፣ መጣጥፉ በይበልጥ የሚያተኵረው በእርሱ ላይ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወጣቶችን ከቤታቸው አውጥቶ በድንኳን ኑሮ ማስተማር በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የተስፋፋ ልማድ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ቤደን ፓወል በ1907 ከባለጸጋና ከሠራተኛ ቤት የተውጣጡ 20 ያህል ልጆችን በብራውንሲ ደሴት ሰብስቦ የስካውትን ሥርዓት ፈተነ፤ በ1920 በለንደን በኦሎምፒያ አዳራሽ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጃምቦሪም ከ34 አገሮች የመጡ 8,000 ያህል ስካውቶች ተገናኙ። በዚያው ዓመት ስዊሳዊው ፒየር ሴሬሶል፣ በፈረንሳይ በቨርደን አጠገብ ጦርነት ያፈረሰውን መንደር መልሶ ለመሥራት ከጀርመኖች ጭምር የተሰበሰቡ ፈቃደኞችን ይዞ ዘመተ፤ ዛሬም ለሚደረጉት ዓለም አቀፍ የሥራ ካምፖች መነሻ የሆነው ያ ዘመቻ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን ጐረምሳውን ወይም ጎልማሳውን የሚሹ ነበሩ፤ ሕፃናትን ለብቻቸው የዓለም ሸንጎ ተቀማጮች ለማድረግ ያሰበ አልነበረም ለማለት ያስደፍራል።

ይህን ያሰቡት በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ ይሠሩ የነበሩት የሥነ ልቡና ሊቅ ዶክተር ዶሪስ ትዊቸል አለን (1901–2002) ናቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ማግስት፣ በ1946፣ ፈላስፋው አሌክሳንደር ሚክልጆን ዓለም አቀፍ የትምህርት ተቋም ለሰላም መሠረት ይሆናል ሲል ያቀረበውን ሐሳብ በጋዜጣ ባነበቡ ጊዜ፣ ዓላማውን ተቀብለው ዕድሜውን ግን ነቀፉ፤ ልማዱና ጥላቻው ከአጥንቱ ጋር አብሮ የጠነከረውን ጎልማሳ ሰብስቦ ፍቅርን ማስተማር ዘግይቶ መነሣት ነውና፣ ከሕፃናት መጀመር ይገባል አሉ። የመረጡትም የ11 ዓመትን ዕድሜ ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ የአገሩን ቋንቋ፣ ዘፈንና ሥርዓት ጠንቅቆ ስለ ያዘ ሕዝቡን በእውነት ሊወክል ይችላል፤ ከእናቱ ተለይቶ መሰንበትም አያቅተውም፤ ለጉርምስና ግርግርም ለአዋቂዎች ጭፍን ጥላቻም ገና ሩቅ ነው። በዚህ ስሌት በ1951 የበጋ ወራት በሲንሲናቲ አጠገብ በግሌንዴል የመጀመሪያው «መንደር» ተከፈተ። አባቶቻቸው ከስድስት ዓመት በፊት ይዋጉ የነበሩት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የኖርዌይና የጀርመን ልጆች በዚያ አብረው ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ንድፈ ሐሳቡ ጎልማሳውን ከተስፋ ውጪ አድርጎ ቢጀምርም፣ የ11 ዓመት ልጅ ብቻውን ውቅያኖስ አያቋርጥምና፣ በፊት በር የተሰናበተው ጎልማሳ የልጆቹን ሻንጣ ተሸክሞ በኋላ በር ገባ። መጀመሪያ የተፈለገው ለአጀብና ለጥበቃ ነበር፤ ዳሩ ግን ለአንድ ወር ያህል ከባዕዳን ጎልማሶች ጋር በአንድ ግቢ መታሰር ለእርሱም ሌላ ትምህርት ቤት ሆነበት። የዚህ አገልግሎት ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ ያልታሰበ ተማሪ ታሪክ ነው።

የመንደሩ ሥርዓት ከዚያ ወዲህ ጥቂት ቢሻሻልም መሠረቱ አልተናወጠም። ከ10 እስከ 12 የሚደርሱ የልኡካን ቡድኖች ለ28 ቀናት ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች፣ ከእነርሱም ጋር ዕድሜው ከ21 ዓመት ያላነሰ አንድ መሪ አለው። ከ16 እስከ 17 ዓመት የሆኑ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች ለየብቻቸው የሚመጡ ወጣት ረዳቶች በልጆቹና በመሪዎቹ መካከል ድልድይ ይሆናሉ፤ የአስተናጋጁ አገር ፈቃደኞች ደግሞ በአንድ የካምፕ ኀላፊ ሥር ሆነው ወጥ ቤቱን፣ ገንዘቡንና ግቢውን ይይዛሉ። ማኅበሩ ዕድሜያቸው ከፍ ላሉት ወጣቶችም ሌሎች ካምፖች አሉት፤ ማእከላዊ ጽሕፈት ቤቱ በእንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ሲሆን፣ ከ60 በላይ በሚሆኑ አገሮች ቅርንጫፎች ይገኛሉ።

የመሪው ሥራ ካምፑ ከመከፈቱ ከወራት በፊት ይጀምራል። የአገሩ ቅርንጫፍ ጠይቆና መርምሮ፣ ስለ ቀድሞ ጠባዩ ምስክር ሰምቶ፣ ወንጀል እንደሌለበት አጣርቶ ከመረጠው በኋላ ሥልጠና ይወስዳል፤ ከዚያም አራቱን ልጆችና ስምንቱን ወላጆች እየሰበሰበ ያለማምዳል። ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ምግብና ስለ ብርድ ልብስ ይጠይቃሉ፤ ልባቸው የሚጠይቀው ግን «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚለውን ስለ ሆነ፣ ብልህ መሪ ጥያቄ ሁሉ ሲመለስ የሚታመነው መልሱ ሳይሆን መላሹ መሆኑን ያውቃል። ፓስፖርቱ፣ የጤና ወረቀቱ፣ በሕግ የተረጋገጠው የወላጆች ፈቃድ፣ የመድኃኒቱ ሰዓት ሁሉ በእርሱ ቦርሳ ውስጥ ነው። ልጆቹም ለሚያቀርቡት የአገራቸው ምሽት ዘፈንና ጨዋታ፣ ልብስና ምግብ ያዘጋጃሉ።

ካምፑ ሲከፈት የመሪው ሥልጣን መልክ ይለወጣል። በጉዞው ላይ አባትም እናትም የነበረው ሰው፣ ከደረሱ በኋላ ቀስ በቀስ መሸሽ ይገባዋል፤ ልጁ ለችግሩ ሁሉ ወደ አገሩ ሰው የሚሮጥ ከሆነ ከባዕዱ እኩያው ጋር አይላመድምና። በዚህ ረገድ መሪው ከሞግዚት ጋር ይመሳሰላል፤ የሞግዚት ሹመት የሚሳካለት በእርሱ ላይ የሚደገፈው ልጅ መደገፉን ሲተው ነው። ይህ ሽሽት ግን መልቀቅ አይደለም። በየቀኑ ለአጭር ጊዜ አራቱ ልጆች ከመሪያቸው ጋር ብቻ ተቀምጠው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚጫወቱበት ሰዓት ተለይቶ ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስብርባሪና በእጅ ምልክት ሲግባባ የዋለ ልጅ የሚያለቅሰውም የሚፎክረውም በዚያች ሰዓት ነው። የናፍቆት ዕንባ በመጀመሪያው ሳምንት ይበዛል፤ ልምድ ያላቸው መሪዎች ሕፃኑን ወዲያው ወደ ወላጆቹ ስልክ ከማስደወል ይልቅ ሥራ ይሰጡታል፤ ሰሐን የሚያመላልስ ልጅ ለማልቀስ ጊዜ ያጥረዋልና።

ዕለቱ ሰንደቅ ዓላማ በመስቀልና አብሮ በመዘመር ይጀመራል፤ በዚያው ሥርዓት ሰንደቁ ወርዶ፣ የማስተኛ ዜማ ተዜሞ ይዘጋል፤ የገዳም ሰዓታትን ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በመካከሉ የሚደረጉት ጨዋታዎች ከአራት ርእሶች ይወጣሉ፤ እነርሱም የሰብአዊ መብት፣ የሕዝቦች ልዩነት፣ ግጭትና አፈታቱ፣ ዘላቂ ልማት ናቸው። ለምሳሌ ልጆቹን ባልተካከለ ድርሻ ባለጸጋና ድኻ አገሮች አድርጎ ምሳ ማካፈል የታወቀ ዘዴ ነው። የመሪው ጥበብ የሚፈተነው ከጨዋታው በኋላ ነው፤ ልጆቹን በክብ አስቀምጦ ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ተሰማቸው፣ ይህም በሰፊው ዓለም ምን እንደሚመስል ይጠይቃቸዋል፤ መልሱን ራሱ ቢነግራቸው ግን ጨዋታው ስብከት ይሆናል። በመምህርነት የኖሩ ሰዎች በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ከሌላው የሚያንሱት፣ ዝምታ ሲረዝም መታገሥ ስለሚያቅታቸው ነው።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ የጎልማሶቹ ጉባኤ ይቀመጣል፤ የካምፑ ዋና ፈተናም ያለው እዚህ ነው። ከደርዘን አገሮች የመጡ፣ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ስለ ነገ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን፣ ልጅ በስንት ሰዓት ይተኛ፣ የታመመ ልጅ ምን ይብላ፣ ያጠፋ ልጅ በሰው ፊት ይገሠጽ ወይስ ለብቻው፣ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል ይደሩ ወይስ አይደሩ እያሉ ይከራከራሉ። አንዱ አገር ነውር የሚለውን ሌላው ሥርዓት ይለዋል፤ ፊት ለፊት መቃወም በአንዱ ዘንድ ቅንነት፣ በሌላው ዘንድ ስድብ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚቀናው በነገር ሲረታ፣ የማይቀናው ጥሩ ሐሳብ ይዞ ዝም ይላል። ልጆቹ በሦስተኛው ቀን በኳስ የፈቱትን የቋንቋና የልማድ ችግር ጎልማሶቹ በሦስተኛው ሳምንትም አልፈቱት ይሆናል። የዶክተር አለንን ንድፈ ሐሳብ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ የሚያረጋግጠው ይህ የሌሊት ጉባኤ ይመስላል፤ ነገር ግን ያው ጉባኤ ደግሞ በከፊል ያፈርሰዋል፤ ከብዙ ክርክር በኋላ የሚስማሙ ጎልማሶች መኖራቸው ዕድሜያቸው እንዳላለፈ ያስረዳልና።

ሕፃናትን ለማያውቁት ጎልማሳ አደራ መስጠት የሚያስከትለው አደጋ በቀድሞው ዘመን በመተማመን ብቻ ይሸፈን ነበር። ዛሬ በሲ.አይ.ኤስ.ቪ. የሕፃናት ጥበቃ ደንብና ማጣሪያ ግዴታ ነው፤ በዓለም የስካውት ጃምቦሪ ለማገልገል የሚመጣ ጎልማሳም ሁሉ ስለዚሁ ጉዳይ የተዘጋጀውን ትምህርት ሳይጨርስ አይገባም። አንዳንድ ቀደምት አገልጋዮች ይህን ለቅን ልቡና የተቃጣ ጥርጣሬ አድርገው ያማርሩታል፤ ነገር ግን ማጣሪያውን የሚጠላ ቅን ሰው ቢኖርም፣ ክፉው ሰው ይበልጥ ይጠላዋል።

የስካውቶቹ አሠራር ከዚህ ለየት ይላል። በጃምቦሪ የሚገኙት ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ሲሆኑ፣ 36 ወጣቶችና 4 ጎልማሶች አንድ ጭፍራ ይሆናሉ፤ ከእነዚህ ሌላ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ በሺህ የሚቈጠሩ የአገልግሎት ቡድን አባላት፣ ክፍያውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በወጥ ቤት፣ በክሊኒክና በበር ጥበቃ ያገለግላሉ። ቁጥሩ ሲበዛ የመሪው ውሳኔ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የታየው በ2023 በደቡብ ኮሪያ በሴማንጉም ነው። ከባሕር በተነጠቀ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ የሰፈሩ 43,000 ያህል ሰዎች በጽኑ ሙቀት ሲጨነቁና ብዙዎች ሲታመሙ፣ የብሪታንያ፣ የአሜሪካና የሲንጋፖር ልኡካን አስቀድመው ለቀው ወጡ፤ የቀሩትም ካኑን የተባለው ማዕበል በመቃረቡ ኦገስት 8 ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛወሩ። ለዓመታት ገንዘብ ሲያጠራቅም የኖረን ጐረምሳ «እንሂድ» ማለት ለአለቃው ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም የመሪነት ግዴታ በዓሉን ማሳመር ሳይሆን ልጁን በጤና መመለስ ነው።

በዚህ አገልግሎት ላይ ከሚሰነዘሩት ነቀፋዎች ሁሉ የጸናው የገንዘብ ነው። የመሪው የአውሮፕላን ዋጋ በብዙ ቦታ በአራቱ ልጆች ወላጆች ላይ ስለሚከፋፈል፣ ወደ መንደሩ የሚደርሰው በአመዛኙ የደኅና ቤት ልጅ ነው፤ መሪውም ቢሆን አንድ ወር ያለ ደመወዝ ሊሰነብት የሚችል ተማሪ ወይም የክረምት ዕረፍት ያለው መምህር ይሆናል። ቪዛ በቀላሉ የማይሰጣቸው አገሮች ልጆችና መሪዎች ደግሞ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ በኤምባሲ በር ይቀራሉ። ለዓለም ሰላም የሚሰበሰብ የሕፃናት ሸንጎ ከዓለም ከፊሉን ብቻ ሲያስቀምጥ ነቀፋው ፍትሐዊ ነው። አንዳንድ ቅርንጫፎች የድኻ ልጆችን ወጪ በመዋጮ ይሸፍናሉ፤ ማኅበሩም ሞዛይክ በሚል ስም፣ ጉዞ ሳያስፈልግ በየከተማው ከስደተኞችና ከሌሎች የአካባቢ ማኅበራት ጋር የሚሠራ መርሐ ግብር አቋቁሟል።