ሰባት ዓመት ከከብት ኋላ፦ ክሊንት ኢስትዉድና «ሮውሃይድ»

ስለ ክሊንት ኢስትዉድ አጀማመር ሲወራ ሁልጊዜ የሚቀድመው የዕድል ነገር ነው። በ1958 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲ.ቢ.ኤስ ቴሌቪዥን የምትሠራ ወዳጁን ሊጠይቅ ጎራ ይላል። አንድ የጣቢያው ኃላፊ ቁመናውን አይቶ ተዋናይ መሆን አለመሆኑን ይጠይቀዋል፤ ብዙም ሳይቆይ «ሮውሃይድ» በተባለው አዲስ የካውቦይ ተከታታይ ውስጥ ሁለተኛው ሰው ሆኖ ይቀጠራል። ታሪኩ በመሠረቱ እውነት ነው፤ የማልስማማው ከታሪኩ በሚወሰደው ድምዳሜ ነው። ቁመና በር ያስከፍት ይሆናል እንጂ አንድን ሰው 217 ክፍል አያሻግረውም። ኢስትዉድን ዛሬ የምናውቀው ኢስትዉድ ያደረገው ከዚያ በኋላ የመጣው አሰልቺ የየሳምንት ሥራ፣ በተለይም በሥራው ውስጥ የደረሰው የሁለተኛነት ቦታ ነው ባይ ነኝ።

ደግሞስ ሰውየው ከመንገድ የተለቀመ ጀማሪ አልነበረም። በ1954 ዩኒቨርሳል በሳምንት 100 ዶላር ቀጥሮት ትወና፣ ፈረስ ግልቢያና የንግግር አወጣጥ ሲማር ቆይቶ በ1955 ተሰናብቷል። በነዚያ ወራት የተሰጡትን ሚናዎች ያየ ሰው ስቱዲዮው ምን ያህል እንደናቀው ይረዳል፤ በአንዱ አስፈሪ ፊልም ውስጥ አይጥ የጠፋበት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው፣ «ታራንቱላ» በተባለው ደግሞ ግዙፍ ሸረሪት ላይ ቦምብ የሚጥል አብራሪ ሆኖ ፊቱ በኦክስጅን ጭምብል ተሸፍኗል። ከዚያ በኋላ የመዋኛ ገንዳ እየቆፈረ ትንንሽ ሚና ማሳደድ ነበር ኑሮው። «ሮውሃይድ» ሲመጣ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ለሆሊዉድ ቆንጆ ልጅ ይህ ገና የሚባል ዕድሜ አይደለም።

ተከታታዩ የጀመረው ጥር 9 ቀን 1959 ነው። ፈጣሪው ቻርልስ ማርኪስ ዋረን ሲሆን፣ ከቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ እስከ ሚዙሪ ሴዳሊያ ከብት የሚነዱ ሰዎችን ይከተላል። ያን ጊዜ በአሜሪካ የምሽት ቴሌቪዥን ከሃያ አምስት የሚበልጡ የካውቦይ ተከታታዮች ይታዩ ስለነበር፣ አንዱን ተዋናይ ከሌላው የሚለየው ብዙ አልነበረም። የነጂዎቹ አለቃ ጊል ፌቨርን የተጫወተው ኤሪክ ፍሌሚንግ ነው። ኢስትዉድ የያዘው ሮውዲ ዬትስን ነበር፦ ችኩል፣ ለሴትና ለቡጢ ቶሎ የሚሸነፍ፣ በየክፍሉ መጨረሻ አለቃው ከጣጣ የሚያወጣው ልጅ እግር። ኢስትዉድ ሚናውን አልወደደውም። እንዲያም ሆኖ የክፍሎቹን አሠራር ልብ ብሎ ላየ፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሌሚንግ ላይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታሪኩን በድምፁ የሚከፍተው፣ የሚያዘው፣ የሚፈርደው፣ ለተመልካቹ የሚያስረዳው እሱ ነው። ሁለተኛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ካሜራው ወደሱ የሚዞረው አለቃው የተናገረው ምን እንዳሳደረበት ለማየት ብቻ ነው፤ ለዚያውም ለጥቂት ሰከንድ። በነዚያ ሰከንዶች ያለ ቃል አንድ ነገር ማለት ካልቻለ የለም ማለት ነው። ይህን ለዓመታት በየሳምንቱ የሠራ ሰው ዝምታን እንደ ሙያ ቢይዘው አይገርምም።

ሙያው የተፈተነው በ1964 ስፔን ውስጥ ነው። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ለ«ኤ ፊስትፉል ኦቭ ዶላርስ» ሄንሪ ፎንዳን፣ ጄምስ ኮበርንን፣ ቻርልስ ብሮንሰንን ሞክሮ አልሆነለትም፤ አንድ የ«ሮውሃይድ» ክፍል አሳዩትና ኢስትዉድን በ15,000 ዶላር ወሰደ። ክፍያው ትንሽ ነበር። ይሁንና ኢስትዉድም ብዙ ምርጫ አልነበረውም፤ ውሉ በእረፍት ወራት ሌላ ፊልም እንዳይሠራ እንዳሰረው ገና በ1961 በይፋ አማሮ ነበር። ስክሪፕቱ ሲደርሰው ያደረገው ነገር የዚህ ጽሑፍ ዋና ማስረጃዬ ነው፦ ራሱ ኋላ እንደተናገረው፣ የሚጫወተው ስም የለሽ ሰው ለምን እናትና ልጅን እንደሚያድን የሚያብራራ ረጅም ንግግር ነበረው፤ እንዲቀነስ ተከራክሮ ወደ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አሳጠረው። የራሱን ቃል የሚቆርጥ ተዋናይ በየቦታው አይገኝም። ሮውዲ የሚያወራውን ይህኛው አያወራም፣ ሮውዲ የሚሮጥበት ላይ ይህኛው ይቆማል። የጠላውን ሚና ገልብጦ ለበሰው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ፣ ያን ሰው የፈጠረው ሊዮኔ ነው፣ እሱም ከጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ ፊልም «ዮጂምቦ» ወስዶ ነው የሚለው ነው። የታሪኩ አጽም ከጃፓን መምጣቱ አያከራክርም፤ ጉዳዩ እስከ ክስ ደርሷል። ሆኖም በ«ዮጂምቦ» የቶሺሮ ሚፉኔ ሳሙራይ ትከሻውን እየሰበቀ፣ ገላውን እያከከ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው፤ የኢስትዉድ ዝግታ ከዚያ አልተቀዳም። ቅርብ ፊት የሚወደው የሊዮኔ ካሜራም ቢሆን የሚያርፍበት ፊት ያስፈልገው ነበር። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የፍሌሚንግ ነው፦ ሁለቱ እስከ 1964 እኩል ዓመታት በአንድ ኮርቻ ከሠሩ፣ ሊዮኔም አስቀድሞ ፍሌሚንግን ጠይቆት ነበር እየተባለ ከተነገረ፣ ትምህርቱ ለምን እሱን አልጠቀመውም? መልሴ እሱ የተማረው ሌላ ነገር ነው የሚል ነው፤ የሚያዝና የሚያስረዳ አለቃ መሆን። ፍሌሚንግ በ1966 ፔሩ ውስጥ ፊልም ሲሠራ ወንዝ ወስዶት ስለሞተ፣ ይህ መልስ ግምት ሆኖ መቅረቱን አልክድም።

የካውቦይ ተከታታይ ሁሉንም አላወጣም ቢባልም ልክ ነው። ስቲቭ መኩዊንና ጄምስ ጋርነር ወደ ትልቁ ስክሪን ተሻግረዋል፤ ጄምስ አርነስ ግን «ጋንስሞክ» ውስጥ ሃያ ዓመት አርጅቷል፣ ያውም በክብር። የሆሊዉድ አምራቾች ሕዝቡ ቤቱ በነፃ የሚያየውን ፊት ሲኒማ ቤት ከፍሎ አያይም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ኢስትዉድ የወጣው በጓሮ በር፣ በአውሮፓ ዞሮ ነው። ከሊዮኔ ጋር የሠራቸው ሦስት ፊልሞች አሜሪካ የታዩት በ1967 ነው፤ ያን ጊዜ «ሮውሃይድ» ተዘግቷል። በመጨረሻው የትርኢት ዘመን ፍሌሚንግ ሄዶ ኢስትዉድ አለቃ ሆኖ ነበር፤ ሬይመንድ ሴንት ዣክም ገብቶ በካውቦይ ተከታታይ ቋሚ ሚና የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ ሆነ። ተከታታዩ ግን የዘመኑን አጋማሽ አላለፈም። ኢስትዉድ ክፍል ላምራ ብሎ ቢጠይቅም የተፈቀደለት ማስታወቂያ መሥራት ብቻ ነበር። ኦስካር ባስገኘለት በ1992ቱ «አንፎርጊቭን» መጨረሻ ላይ የተመሰገኑት ሰርጂዮ ሊዮኔና ሌላው ያሠራው ዳይሬክተር ዶን ሲግል ናቸው፤ የቴሌቪዥኑ ሰዎች የሉም። የሰውየው ዕዳ ለማን እንደሆነ ከራሱ በላይ ማን ያውቃል ለሚል ሰው፣ ሊዮኔ ምርጫውን ያደረገው ምን አይቶ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል፦ አንድ የ«ሮውሃይድ» ክፍል።