የቴዎድሮስ አንበሶች

አጤ ቴዎድሮስን ከቲሸርት ላይ እናውቀዋለን፤ ሹሩባው፣ ሽጉጡ፣ ያ ዓይኑ። (አንቱ ያላልነው ቅርባችን ሆኖብን ነው።) እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን ሌላ ሥዕል ነው። ንጉሡ ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል፤ አንበሶች ዙሪያውን ተጋድመዋል።

ተረት እንዳይመስላችሁ። የቴዎድሮስን ለማዳ አንበሶች ካስተዋወቁን አንዱ በ1855 ዓ.ም. እዚህ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ጊዮም ልዠን ነው። የዚያን ጊዜ የንጉሡ ዋና መቀመጫ ደብረ ታቦር ነበረች።

ለምን አንበሳ? ግማሹ መልስ ፖለቲካ ነው። የነገሥታቱ ማዕረግ «ሞዓ አንበሳ» ይላል፤ ካሳ ኃይሉ ግን ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሚሰድቡት የቋራ ሽፍታ ነበር። የዘር ሐረግ ከመቁጠር እግሩ ሥር ሕያው አንበሳ ማስተኛት ይቀላል! አንበሳ ደግሞ ዘር አይጠይቅም። እንደ ነብር ብቸኛ አይደለም፣ በመንጋ የሚኖር አውሬ ነው፤ ከግልገልነቱ ያሳደገውን ሰው ይለያል፣ ይለምዳል።

ሰውየው ደግሞ ብቸኛ ነበር። የሚወዳት ሚስቱ ተዋበች በ1850 ሞተች። ከዚያ ወዳጁ እንግሊዛዊው ፕላውደን ተገደለ፣ ብዙም ሳይቆይ ከጎኑ የማይለየው ጆን ቤል ተከተለ። ከዚያ በኋላ ማንን አመነ?

እዚህ ላይ ነው ሥዕሉ የሚከብደን። ቴዎድሮስ የወደደውን መልቀቅ አይችልም ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ የሠሩለትን አውሮፓውያን እንደ ልጆቹ አቅርቧቸዋል፣ ሸልሟቸዋል፤ ያለ ፈቃዱ ግን ከአገር መውጣት አይችሉም። ልዠን ራሱ በዚያው በ1855 ሰንሰለት ቀምሷል። አንበሶቹስ? እጁን ለምደዋል፣ ግን ወደ በረሃ የሚመልሳቸው አልነበረም። ፍቅሩ እውነት ነው ብለን እናምናለን፤ እስሩም እንደዚያው።

በ1860 ጥቅምት ደብረ ታቦርን አቃጥሎ፣ ሴባስቶፖልን እያስጎተተ ወደ መቅደላ ወጣ። ሚያዝያ ላይ ሽጉጡን ጠጣ።

አሁን ደብረ ታቦር ላይ አንበሳ የለም። በትውልድ አገሩ በቋራ ወረዳ ግን፣ ሱዳን ድንበር ላይ፣ የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። አንበሳ ስለመኖሩ ሲወራ ቆይቶ፣ በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጫካው ውስጥ ካሜራ አጠመዱ። ሌሊት አንድ አንበሳ በካሜራው ፊት አለፈ። ማንም አልጠራውም፤ መንገዱን ቀጠለ።