የቡቺ ሳህን

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለዕረፍት መጥቶ ቤቴ ብቅ አለ። ከሻንጣው ስጦታ ሲያወጣ ለእኔ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ለቡችላዬ ኖሯል! ፊቱ ላይ ተኩላ የተሳለበትና «እህል የሌለበት» የሚል አንድ ከረጢት ደረቅ የውሻ ምግብ፣ አንድ ጣሳ የካልሲየም ዱቄት፣ አንድ ብልቃጥ የመገጣጠሚያ ቫይታሚን። «ቲቸር፣ ውሻ እኮ ተኩላ ነው፤ እንጀራ አይስጧት» አለኝ። እንግዳ ስለሆነ ዝም አልኩት። የታሪክ መምህር ግን ዝምታው አይዘልቅም፣ ታውቁኛላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በፋብሪካ የሚሠራ የውሻ ምግብ ዕድሜው ከ160 ዓመት ብዙም አይዘልም። ከዚያ በፊት አብዛኛው ውሻ የሚኖረው በሰው ትርፍራፊ ነበር። በ1860 አካባቢ ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ የመብረቅ መከላከያ ሊሸጥ እንግሊዝ አገር ሄደ። እንደሚነገረው ከሆነ፣ ወደብ ላይ ውሾች የመርከበኞችን ደረቅ ብስኩት ሲሻሙ አየ። መብረቁን ተወውና ስንዴ፣ አትክልት፣ ቀይ ሥርና የደረቀ ሥጋ ጋግሮ ለአደን ውሻ ባለቤቶች መሸጥ ጀመረ። በዚያው ድርጅት ብስኩት ሲሸጥ ያደገው ቻርልስ ክራፍት ደግሞ በ1891 ዛሬም ድረስ በስሙ የሚጠራውን ትልቁን የውሾች ትርኢት ጀመረ። ምግብ ሻጩና ውድድር አዘጋጁ ከአንድ ቤት መውጣታቸው ነው የሚገርመኝ።

ከዚያ በ1922 አሜሪካ ውስጥ የፈረስ ሥጋ በጣሳ ታሽጎ ለውሻ መሸጥ ጀመረ። ለምን ፈረስ? መኪናና ትራክተር መጥተው ፈረሱ ሥራ ስለፈታ ነዋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቆርቆሮው ለጦር ሠራዊቱ ሲፈለግ ጣሳው ቀረና ደረቁ ምግብ ገበያውን ያዘ። በ1950ዎቹ የቁርስ እህል የሚሠራበት ማሽን ወደ ውሻ ምግብ ዞረ፤ ያቺ የምታውቋት ፍሬ ፍሬዋ መጣች። ልብ በሉ፣ ሳህኑ የተቀያየረው ሰው ዘንድ በተረፈውና በጠፋው ነገር ልክ ነው።

በ2007 ደግሞ ከ60 ሚሊዮን በላይ የታሸገ የውሻና የድመት ምግብ ከሰሜን አሜሪካ ገበያ ተሰበሰበ። ከቻይና የተገዛው የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ሜላሚን ተጨምሮበት ነበር። ላቦራቶሪ ፕሮቲንን የሚገምተው በናይትሮጅን መጠን ነው፤ ሜላሚን ናይትሮጅን ስላለው ቁጥሩን ያሳምራል። የእንስሳቱን ኩላሊት ግን ፈጀው።

ወደ ተኩላው ልመለስ። በ2013 የወጣ ጥናት ውሻ ስታርች የሚፈጭበት ጂን ከተኩላ ይልቅ በብዙ ቅጂ እንዳለው አሳየ። ማለትም ከእኛ ጋር ሲኖር እህል መብላት ተምሯል። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ እህል አልባ ምግብ በሚበሉ ውሾች ላይ የታየ የልብ ሕመም ስለነበረ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። ምግቡ መንስኤ ነው ተብሎ አልተረጋገጠም፤ ግን ከተኩላ ሥዕል ጋር ተጨማሪ ብር የሚያስከፍል በጎነትም አላገኙበትም።

«እንግዲያው የእኛ ትርፍራፊ ይሻላል» የምትሉ ቆዩኝ። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ቡቺን የምታስታውሱ አላችሁ፤ ግቢዬ ስትመጡ ጫማችሁን የምትደብቀው። አንድ ፋሲካ የተረፈውን የዶሮ ወጥ በእንጀራ እያማሰልኩ ሦስት ቀን ሰጠኋት። የዶሮ አጥንት ተሰብሮ አንጀት እንደሚወጋ ስለማውቅ አንድ በአንድ ለቅሜ ነበር፤ በጥንቃቄዬ ኮርቼ! ከቀናት በኋላ ከተኛችበት መነሳት አቃታት። ድዷ ነጣ፣ ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቆረ። የእንስሳት ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሽንኩርት በልታለች?» ብሎ ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ መቀቀልም መጥበስም አያድነውም። ነጭ ሽንኩርትም ዘመዱ ነው። ዶሮ ወጥ ደግሞ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚፈጅ ለእናንተ አልነግርም። ሽሮውም፣ በርበሬውም ያው ነው። ቡቺ አልተረፈችም። በእጄ ነው ያጎረስኳት።

ስለዚህ አሁን መነጽሬን አድርጌ የከረጢቱን ጀርባ አነባለሁ። የሚፈለገው ፊት ለፊት ያለው ሥዕል ሳይሆን ከኋላ የተጻፈችው ደቃቅ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ምግቡ ለብቻው በቂና የተመጣጠነ መሆኑን፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነም የምትናገረው። የተማሪዬ ከረጢት «ለጎልማሳ ውሻ» ይላል። የእኔዋ ገና አራት ወሯ ነው። ካልሲየሙም ይቅር፤ የጀርመን ዘር ቅልቅል ናት፣ ትልቅ ዘር ቡችላ ላይ የካልሲየም ብዛት አጥንትን ያጣምማል። ለቡችላ የሚሆን ከረጢት ገዝቼላታለሁ። ማባበያዋ ካሮትና ቁራጭ የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ ከቀን ምግቧ ከአሥር አንድ እጅ አይበልጥም። የበግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መወርወርም ግቢያችን ቀርቷል፤ በዚያ የሚተላለፈው ትል ተመልሶ የሰው ጉበት ላይ ውሃ ይቋጥራል።

የመገጣጠሚያውን ብልቃጥ ግን አልመለስኩም። እሷ እንደ ፍየል ትዘላለች፤ ጉልበቱን የሚያመው እኔን ነው።