የካይሮ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን በቀጥታ ለሚበር አውሮፕላን ካይሮ 2,470 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የዛሬው ጄት ይህን ርቀት በአራት ሰዓት ገደማ ይፈጽመዋል። በቀደሙት ዘመናት ግን ከኢትዮጵያ ደጋ እስከ ካይሮ ያለው መንገድ የሚቆጠረው በወራት ነበር።

ነጋዴውና ተሳላሚው ቢመላለሱበትም፣ መንገዱን ለመንግሥትም ለሕዝብም ግዴታ ያደረገው አንድ ታላቅ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጳጳሷን የምታገኘው ከእስክንድርያ መንበር ስለ ነበረ፣ ጳጳስ ባረፈ ቁጥር መልእክተኞች እጅ መንሻ ይዘው ወደ ግብፅ መውረድ ነበረባቸው። ጳጳስ ከሌለ ክህነት የሚሰጥ የለምና፣ የመንገዱ ርዝመት ከቤተ መንግሥት አልፎ በየደብሩ የሚሰማ ጭንቅ ነበር።

አገሪቱ ለብዙ ዓመታት ያለ ጳጳስ ከቆየች በኋላ፣ በ1833 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ የላኳቸው መልእክተኞች አቡነ ሰላማን ያመጡት በዚሁ መንገድ ነው። በዚያ ዘመን መንገደኛ በበቅሎ ከደጋው ወደ ምጽዋ ወርዶ በሸራ መርከብ ይሳፈራል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ስለሚነፍስ፣ ወደ ግብፅ የሚወጣው መርከብ ከነፋስ ጋር እየታገለ ይሄዳል። ከወደቡ በኋላም እስከ ዐባይ ወንዝ ድረስ በረሓውን በግመል ማቋረጥ ነበረበት።

የስዌዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የጅቡቲው ባቡርም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ወራቱ በዚህ ወደ ሳምንታት አጠረ። ሆኖም ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው በየጣቢያው እያደረ 784 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ቀን ይጨርስ ነበር፤ ጅቡቲ ሲደርስም መርከብ መጠበቅ ነበረበት።

ታላቁ ለውጥ የመጣው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉት ሲ-47 አውሮፕላኖች ለምቾት የተሠሩ አልነበሩም፤ መንገደኞቹ በግራና በቀኝ በተዘረጉ አግዳሚዎች ሲቀመጡ ጭነቱ መሐል ለመሐል ይታሰር ነበር። አሥመራ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ትክክል ስለምትገኝ፣ በእርሷ በኩል ማለፍ በመንገዱ ላይ የሚጨምረው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚበር አውሮፕላን ይህ ሁሉ ከዘጠኝ ሰዓት ጥቂት የሚያልፍ ጉዞ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ 720 ጄቶች ሥራ ሲጀምሩ ጊዜው ከእኩሌታ በታች ሆነ።

የሚያስደንቀው የሁለት ነገሮች መገጣጠም ነው። አውሮፕላኑ መንገዱን ባሳጠረበት ዘመን፣ ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመታት መልእክተኞችን ያመላለሰው ጉዳይ በረጅም ድርድር ወደ ፍጻሜው ይቃረብ ነበር። በሐምሌ 1940 ዓ.ም. አምስት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት በካይሮ ተሾሙ። የመጨረሻው ግብፃዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ በ1943 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ በመንበሩ ተተኩ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ያ ሁሉ ትውልድ በበቅሎና በሸራ መርከብ የደከመበት መንገድ የጥቂት ሰዓታት ጉዞ በሆነ ጊዜ፣ ጳጳስ ለመለመን የሚሳፈርበት መልእክተኛ አላስፈለገም።